የዘመመው ጠረጴዛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ብጥስጣሽ ጨርቅ ጠረግኩ። ካውያ አሞቅኩ። በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባሁ፣ ዛሬም ሦስቴ ሳትኩት...
አሠሪዬ እትዬ፣ ስፌት ቤታችን ቆራጭ ሊያጣ ነው አሉ። ቆራጯ ልታገባ ነው፣ በወሩ አጋማሽ ትለቃለች። ቦታዋ ለኔ ወይም አብራኝ ለምትሠራው፣ ቀልቃላ ለምንላት ልጅ ነው። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ይፈትኑናል። ቀልቃላ እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ እጇን ይቀድመዋል። እኔስ? የጠመኔው መስመር ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ። መቀስ ለመያዝ እንዴት እንደምጓጓ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።
እማዬ ነገ ዓይንሽን ትታያለሽ ብላለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
መነጽር ቤት ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው። ዓይኔ እንደ ኳስ ድቡልቡል አይደለም አለ። እንደ እንቁላል ወደ አንድ ጎን ረዘም ስላለ ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ አይገናኝም። አስቲግማቲዝም ይባላል። መስታወት ያርመዋል፣ ግን አቅጣጫው ልክ ከሆነ ብቻ።
ማሽኑን ፊቴ ላይ አስጠጋ። ራሱም ተጠጋ። ትንፋሹ ይሰማኛል... አንገቴን ወደ ትከሻዬ ሰበር አደረግኩ። መስታወት እየቀያየረ አንደኛው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው ይለኛል።
"ሁለቱም ጥሩ ነው" አልኩ።
እማዬ ከኋላዬ፣ "ዓይን አፋር ናት፣ አይፍረዱባት።"
"ዓይን አፋርነትን የሚያክም መነጽር እንኳን የለኝም" አለ። እሱና እማዬ ሳቁ። ምነው መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
መነጽሩ ደረሰ። የሩቅ ጽሑፍ ከበፊቱ ይሻላል። ግን የበሩ መቃን ዘሟል። ደረጃው ወደኔ የሚመጣ መሰለኝ፣ ግድግዳ ይዤ ወረድኩ። ግንባሬን ይወጋኛል። ሐኪሙ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለ። እማዬም፣ ትለምጂዋለሽ። ፈተናው ግን በሳምንቱ ነው...

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
የመቁረጫው ጠረጴዛ አንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ታየኝ። ለመለማመጃ በሰጡኝ ጨርቅ ላይ ለዓይኔ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ስቆርጠው ጠማማ ሆነ። ቀልቃላ አንስታ ለሁሉም አሳየች።
"መነጽሩ የምሁር፣ አቆራረጡ የአይጥ።"
ሳቁ። እትዬ አልሳቁም። እሱ ባሰብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
መነጽሩን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ዋልኩ። ቤት ልገባ ስል አደረግኩት። ማንን ነው የምሸውደው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
እትዬ ለብቻዬ ጠሩኝ። ሁሉን ነገርኳቸው። ሐኪሙ "ራስሽ ነሽ ጥሩ ነው ያልሽው" እንዳይለኝ መፍራቴንም። የኮት ቁልፍ እየፈቱ ሰሙኝ።
"ቀሚስ የጠበባት ደንበኛ አመስግናኝ ብትሄድ፣ መጥበቡን በምን አውቄ ልፈታው? ሂጂና ለሠራው ሰው ንገሪው።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሙ ገና ሳምንትም አልሞላሽ፣ ትለምጂዋለሽ አለ። እሺ ብዬ ተነሳሁ። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ቆመ... ተመለስኩ።
"ጠረጴዛው ዘሞ ነው የሚታየኝ። ይሄም ይለመዳል?"
ትንሽ አየኝና ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ማሽኑን ሲያስጠጋ ቀና ብዬ ጠበቅኩት። መስታወቱን በጥቂት በጥቂቱ ሲያዞር፣ እዚህ ጋ አልኩ። ቁጥሩን ካለፈው ጋር አስተያየ።
"ባለፈው እንዲህ ነበር የተቀመጥሽው?"
"አይ። አንገቴን ሰበር አድርጌ ነበር።"
"ለምን?"
"በጣም ቀረቡኛ።"
ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም ማየት ነበረብኝ አለ። ጭንቅላቴ ስላዘነበለ መስታወቱ በተሳሳተ አቅጣጫ ተሠርቷል። እንደገና ይሠራልኛል፣ ግን የሚደርሰው ማክሰኞ ነው። ፈተናው ነገ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16
ቀልቃላ ቀድማ ቆረጠች። ንጹሕ ነው። ተራዬ ሲደርስ መቀሱን አላነሳሁም። መነጽሬ ተሳስቶ መሠራቱን ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ፣ እስከ ማክሰኞ ይታገሱኝ አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣ። እትዬ ሥራው ሰኞ ይጀመራል፣ ደንበኛ አይጠብቅም አሉ። ቦታው የቀልቃላ ሆነ።
ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ ትለምጂዋለሽ አላለችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
አዲሱ መስታወት ትናንት ገባ። ወለሉ ወለል ሆነ።
ዛሬ የሚቆረጠው ባለ መስመር ጨርቅ ነበር። እኔ ካውያው ጋ ነኝ። ቀልቃላ ጠመኔዋን ታስሮጣለች። ከካውያው ጋ ሆኜ አየሁት... የጨርቁ መስመርና የሷ መስመር እየተራራቁ ሄዱ። ብናገር ቅናት ነው ይሉኝ ይሆን? መቀሱ አፉን ከፈተ።
"ቆይ፣ አትቁረጪ።"
ሁሉም ዞረው አዩኝ። የኔ ድምፅ ነው?
"ምሁሯ ነቃች" አለች ቀልቃላ።
እትዬ መጥተው በሜትር ለኩ። አንደኛው ጫፍ ሁለት ጣት ጎድሏል። ጠመኔውን ከእጇ ወስደው ለኔ ሰጡኝ። መቀሱን አልወሰዱባትም።
"አንቺ አስምሪ፣ እሷ ትቁረጥ። ከዛሬ ጀምሮ።"
አሰመርኩ። ቀልቃላ ጎንበስ ብላ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ በኔ መስመር ላይ ቆረጠች።