ዜማዬ ሃውገሩድ ደርሳ መጣች

ሰኞ

ቅዳሜ ነው አሉ። የሚቀጥለው ወር አይደለም፣ ይህችው የፊታችን ቅዳሜ። ስቶቭነር ያለው የባህል ቤት ሊጫወትለት የነበረ ባንድ ቀርቶበት፣ ፕሮግራም የምታወጣዋ ሴት ደወለችልኝ፤ «ግማሽ ሰዓት የሚሞላ የራስሽ ሥራ አለሽ?» አለች። የምሠራበት ባርነሃገ፣ የሕፃናት ማቆያው ውስጥ ነበርኩ፣ የአንዱን ልጅ ጓንት ፍለጋ ወለል ላይ ተንበርክኬ። ሳላስበው «አለኝ» አልኳት።

ውሸት አልተናገርኩም፤ ሥራ አለኝ። ችግሩ እኔ አጃቢ መሆኔ ነው። ኦስሎ ውስጥ የሐበሻ ሰርግ ሲደገስ ኪቦርድ ወይም ክራር ይዛ ከዘፋኙ ኋላ የምትቀመጠው ሴትዮ እኔ ነኝ። ፎቶ ላይ ግማሽ ፊቴ ብቻ ነው የሚወጣው። የምጽፋቸውን ዘፈኖች ትዘፍንልኝ የነበረችው ጓደኛዬ ትዕግሥት ናት። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትዘፍናለች፣ ሁለታችንም ደስ ይለን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጌታን ተቀበለች። ሃውገሩድ፣ ቤቷ አጠገብ ባለው የጴንጤዎች ጉባኤ ዘማሪ ሆነች፤ ዓለማዊ ዘፈን በቃኝ አለች። አልተጣላንም። እኔም ሃይማኖቴን የያዝኩ የደሴ ሙስሊም ነኝ፣ እምነቷን አልነቅፍባትም። ግን ዘፈኖቼ አፍ አጡ።

ባሌ እንድሪስ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከቫክት፣ ከፈረቃው ሲገባ ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ «ደስ ይላል! ማን ሊዘፍን ነው?» አለኝ። ክፋት የለበትም። እኔም መጀመሪያ ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ

የቅዳሜ ዘፈኖች፦
የቬስትሊው ባቡር (ሰው ይስቅበታል፣ መክፈቻ ይሁን)
ለበረዶ የተሰጠ ስድብ
የእናቴ መቀነት (ካልፈራሁ)
ውጪ በደስታ (መዝጊያ። ይቺ ካልተዘፈነች ሁሉም ይቅር)

«ውጪ በደስታ»ን የጻፍኳት እህቴ ደሴ ስትዳር ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልወጣም ነበርና መሄድ አልቻልኩም። ከልጅነቷ ጀምሮ ኩሏን የምኩላት እኔ ነበርኩ፤ በሰርጓ ቀን ሌላ ሰው ኳላት። እዚሁ ቬስትሊ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ በባቲ ቅኝት አወጣሁላት።

ኩልሽን ሳልኩልሽ፣ ቀሚስሽን ሳልይዝ፣
አንቺ ልትሄጂ ነው፣ እኔ ገና ስጓዝ።
ውጪ በደስታ፣ እህቴ፣ ውጪ በደስታ።

ትዕግሥት ሰርግ ቤት ስትዘፍናት ሰው ሁሉ ትከሻውን ይዞ ይነሣል። እኔ ከኋላ እያጀብኩ ሆዴ ይባባ ነበር። ማንም አያየኝም፣ ተመችቶኝ እባባለሁ።

ዛሬ ችግር አገኘሁ። ዘፈኖቹ ሁሉ የተሰፉት በትዕግሥት ድምፅ ልክ ነው። የሷ ድምፅ ጣሪያ ይነካል፣ የኔ ወለል ለወለል ይሄዳል። ክራሩን ዝቅ አድርጌ ስቃኘው ክሮቹ ረግበው ተነጫነጩብኝ። ወፈር ያሉ ክሮች ቀየርኩለት። አሁን ተስማማን።

ባርነሃገው ልጆቹን እንደ ልማዱ ውጭ ብርዱ ላይ በጋሪ አስተኝቷቸው ሳለ፣ እየጠበቅኳቸው ቀስ ብዬ አንጎራጎርኩ። አንዷ ነቃች። አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ አየችኝ። እንደ ድል ቆጠርኩት።

ረቡዕ

ትዕግሥት ደውላ ከሥራ በኋላ ስቶቭነር ሴንተር እንገናኝ አለችኝ። ስደርስ ቡናና ጣፋጭ ዳቦ ገዝታ ትጠብቀኛለች። ትዕግሥት ቀድማ ከገዛች ነገር አለ።

«ዘይኑ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቅዳሜ ‹ውጪ በደስታ›ን ተይልኝ።»

«ለምን?»

ዳቦዋን ቆረሰች፣ መልሳ አስቀመጠች። «መዝሙር ሆናለች» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳየሩ አዲስ መዝሙር አምጪ ሲላት ዜማ ብትፈልግ ብትፈልግ ወደ አፏ የምትመጣው የኔዋ ብቻ ሆነች። ቃሉን ቀየረችው። እኔ «ውጪ በደስታ» ያልኩት እነሱ ጋ «ግባ በክብር» ሆኗል፤ የሚገባው ጌታ ነው። ጉባኤው ወደዳት። የፓስተሩ ባለቤት በተዘመረች ቁጥር ታለቅሳለች አለችኝ። ዘፈን ያለበት ሰርግ ስለማይሄዱ አንዳቸውም አያውቋትም፤ ከየት አመጣሽው ሲሏት «ጌታ ሰጠኝ» ብላለች።

«ዘይነባ ሰጠችኝ ብትይ ምን ነበረበት?»

«ዘፈን ነው ያመጣሁላችሁ ልበላቸው? ሁለቱ የኳየር እህቶች እዚሁ ስቶቭነር ነው የሚኖሩት። ማስታወቂያሽን አይተው እንሄዳለን ብለዋል። የሐበሻ ልጅ ስትጫወት እንይ ብለው። ሲሰሟት ምን ይሉኛል? የሰርግ ዘፈን እግዚአብሔር ቤት አስገባች ይሉኛል።»

ወላሂ ተናደድኩ። እንጀራዬን ከሌማቴ ወስደው እኔኑ አትብዪ የሚሉኝ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የፓስተሩ ሚስት በእህቴ ሰርግ ስታለቅስ ታየኝና ሳቄ መጣ። ትዕግሥት ስስቅ ስታይ እንባዋ መጣ። ላስብበት ብያት ተለያየን።

ሐሙስ

ያለ «ውጪ በደስታ» ሞከርኩት። ሦስቱን ዘፈን ጨርሼ ክራሬን ሳስቀምጥ ጨው የረሱት ወጥ ሆነብኝ። በቦታዋ ሌላ አስገባሁ። አሁንም ጨው የለውም።

ለእንድሪስ ሁሉንም አጫወትኩት። ሲስቅ ሲስቅ ቆይቶ «አንቺ ደግሞ የወሎ ሰው ሆነሽ ይሄ ይገርምሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ መንዙማውም ዘፈኑም ከአንድ ቅኝት ነው የሚቀዳው። አጎቴ ሐሙስ መንዙማ ያወጣበትን ጉሮሮ እሑድ ሰርግ ላይ ያውለው ነበር፤ የነቀፈውም የለም። ዜማ መውሰዷ አላስከፋኝም። ያስከፋኝ አለመንገሯ ነው። ብትነግረኝ እኔው ራሴ ቃኝቼ እሰጣት ነበር።

ከእራት በፊት ደወልኩላት። የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነበረች።

«ዘምሪልኝ» አልኳት።

«አሁን?»

«አሁን። ልስማት።»

ደረጃው ጋ ወጣች መሰለኝ፣ ድምፅዋ ማስተጋባት ጀመረ። ቀስ ብላ ዘመረችልኝ። መጨረሻዋ ላይ እኔ ወደ ታች የምወርድበት ቦታ አለ፤ ሁልጊዜ ቸኩዬ የምዘጋት ይመስለኝ ነበር፣ መላውን ግን አላገኘሁለትም። ትዕግሥት እዚያ ጋ አልወረደችም። ወደ ላይ ወጣች፣ እዚያው ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወረደች። ዘፈኔ በወጉ ስታልቅ ሰማኋት። ቀናሁ፣ አልዋሽም። ከቅናቱም በላይ ደስ አለኝ።

«ይሄንን ጫፍ ማን ሰጠሽ?» አልኳት።

«እሱን እንኳ በእውነት ጌታ ነው የሰጠኝ» አለች፣ ሁለታችንም ሳቅን።

ዓርብ

ወሰንኩ። ማለዳ ወደ ሥራ በባቡር ስሄድ ደወልኩላት።

«ትዕግሥትዬ፣ እዘፍናታለሁ። አንቺ የጨመርሽውንም ጫፍ እዘፍነዋለሁ። ስምሽን ጥሪ ካልሽኝ እጠራለሁ፣ ተይ ካልሽኝ እተዋለሁ። አለመዝፈን ግን አልችልም። የእህቴ ናት።»

ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ። «ያ» አለች በኖርዌጅኛ፣ ያቺኑ ብቻ። እሺ ማለቷ ይሁን ሰምቻለሁ ማለቷ ሳላውቅ ተሰናበተችኝ።

ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። ዘፈን ይጠፋል፣ ሌላ ይጻፋል። እንደ ትዕግሥት ያለች ሰው ግን አትጻፍም። እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያውን የክረምት ጫማ ያስመረጠችኝ እሷ ናት። እንድሪስ ከጁምዓ ሲመለስ «አብሽሪ፣ ሰው በዜማ አይጣላም» አለኝ። ይጣላል እንጂ። የት ያውቃል እሱ፣ አጅቦ አያውቅ።

ድምፄ ደህና ነው። በዝንጅብል ይዤዋለሁ።

ቅዳሜ

ከመርሳቴ በፊት ልጻፍ።

አዳራሹ ግማሽ ያህል ሞልቶ ነበር። የባርነሃገ ባልደረቦቼ መጥተዋል። እንድሪስ ከፊት፣ ስልኩን ሊቀርጽ ቀስሮ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላ ጣል ያደረጉ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ረዥም። እነሱ ናቸው አልኩ። ትዕግሥትን በዓይኔ ፈለግኳት፣ የለችም።

መድረክ ላይ ወጥቼ የ«ቬስትሊው ባቡር»ን መግቢያ ጀመርኩ። መግቢያው አለቀ። ደገምኩት። አሁንም አለቀ፣ እንደገና ጀመርኩት። ምን እየሠራሁ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ዘፋኟ እስክትገባ እየጠበቅኩ ነበር። ስንት ዓመት የለመደ እጅ! ማይኩ አፍንጫዬ ስር ተገትሯል፣ ከኔ ሌላ ማንም የለም። ላብ አጠመቀኝ። ገባሁ። የመጀመሪያው ስንኝ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለተኛው ቆመ። ሰው ባቡሩ ላይ ሳቀ። በኋላ አንዷ ባልደረባዬ «ያ ረዥም መግቢያሽ ልብ ይሰቅላል» በሚል ዓይነት አደነቀችኝ። አላስተባበልኩም።

«የእናቴ መቀነት»ን አልፈራሁም።

«ውጪ በደስታ» ጋ ስደርስ ቀና ብል ትዕግሥት በሩ ጋ ቆማለች። ካፖርቷን አላወለቀችም። ልትሄድ ይሁን ልትገባ አይታወቅም። ምንም መግለጫ ሳልሰጥ ጀመርኩ። በዝግታ፣ በኔ ድምፅ ልክ፣ ዝቅ ብሎ። የመጀመሪያውን ስንኝ ስጨርስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ረዥሟ ሴት ወደ ጓደኛዋ ዞረች። አወቁት። ጣቴ ሊሳሳት ነበር፣ ያዝኩት።

«ውጪ በደስታ» አልኩ። ረዥሟ፣ ሳታስበው መሰለኝ፣ ከመቀመጫዋ ሆና «ግባ በክብር» አለች። ጓደኛዋ ደገመቻት። የኳየር ሰው ዜማ ሰምቶ ዝም አይልም፣ ተፈጥሯቸው ነው። እኔ ውጪ እላለሁ፣ እነሱ ግባ ይላሉ። ኖርዌጂያኖቹ የተዘጋጀ ተቀባይ መስሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። ትዕግሥት እጇን አፏ ላይ ጫነች። መጨረሻዋ ላይ ደረስኩ፣ የሷን ጫፍ ሞከርኩ፣ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ አለቀ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ደስታዬን ምን ብዬ ልጻፈው? ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ስወርድ ትዕግሥት ሄዳለች። ሁለቱ ሴቶች ሰላም ብለውኝ፣ ረዥሟ «ጌታ ይባርክሽ፣ መዝሙራችንን ከየት አወቅሽው?» አለችኝ። «ከትዕግሥት» አልኳት። የመጨረሻዋ ጫፍ ከሷ ስለሆነ አልዋሸሁም። የቀረውን ትዕግሥት ትናገረው።

እንድሪስ ወደ ቤት ስንሄድ «አንቺ ውጪ፣ እነሱ ግባ። በሩ ላይ የቆመው ሰው ምን ይሁን?» ይላል። በሩ ላይ የቆመችው ማን እንደነበረች አላየም።

እሑድ

ሳይደወል በሩ ተንኳኳ። ትዕግሥት ናት፣ ከጉባኤ በቀጥታ፣ የኳየር ልብሷን በከረጢት ይዛ።

«ነገርኳቸው» አለች ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ። «ኳየሩ ፊት ቆሜ። የዘይነባ ዜማ ናት፣ የሰርግ ናት፣ አስፈቅጄ አልወሰድኳትም አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ረዥሟ አይተሻት የለም? ‹ሁላችንም ከሰርግ ቤት ነው የመጣነው› ብላ አሳቀቻቸው። የፓስተሩ ባለቤት ግን አልሳቀችም። እንጃ። መዝሙሩን ሊያቆሙትም ይችላሉ።»

«ከፋሽ?»

«ትናንት ሲከፋኝ አደርኩ። ዛሬ ቀለል ብሎኛል።» ሻይ ቀዳሁላት። አንድ ጊዜ ፉት አለችና «ደግሞስ ጫፏን አበላሽተሻታል» አለችኝ።

«እኔ?»

«ላይ ከወጣሽ በኋላ አልቆየሽም። ፈርተሽ ወረድሽ። እዚያ ጋ መቆየት አለብሽ።»

ክራሩን አነሣሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በመካከላችን መሣሪያ ኖሮ አያውቅም። ቃና ሰጠኋት። ከኔ ከፍ ያለ፣ ከሷ ዝቅ ያለ፣ መሃል ቦታ ፈለግን፤ አገኘነው። እሷ አሳየችኝ፣ እኔ ሞከርኩ፣ አይደለም አለችኝ፣ ደገምን። ሻዩ ቀዘቀዘ።

እንድሪስ ከቫክት ገብቶ ጫማ ማስቀመጫው ጋ ቆሞ ሲያዳምጠን ቆየ። «ይቺኛዋ የትኛዋ ናት? የሰርጓ ናት የቸርቿ?» አለ።

ጫፏ ላይ ነበርን፤ ሁለታችንም እዚያ ላይ ቆይተናል፣ ቃል ሳናስገባባት፣ ላ ላ ላ እያልን።