የቢሯችን መስኮት

ይድረስ ለእህት ዓለም ለአይናዲስ፣

ከነልጆችሽ እንደምን ከርመሻል? ሰላምታዬ ጅማ እስኪደርስ አይቀዘቅዝም፤ የላከችው ራሷ እሳት ሆናለች። ሌላው ደህና ነው፣ ተመስገን።

እዚህ ፒያሳ በሐምሌ ዝናብ ቢሮው ሁሉ ካፖርት ለብሶ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ፊቴን በፋይል አራግባለሁ። መስኮት ስከፍት፣ አጠገቤ የሚቀመጠው እምሩ «ንፋስ ይመታናል!» ብሎ ይዘጋዋል።

ባለፈው አዲስ የጤና መመሪያ ወጣ ተብሎ ተሰበሰብን። ስለ ወሊድ፣ ስለ ወገብ፣ ስለ ዓይን ተነበበ። እጄን አወጣሁና «ስለ እኛ ስላረጥነውስ?» አልኩ። አለቃችን አቶ ሚልክያስ ደንግጠው «እሱ የቤት ጉዳይ ነው» አሉ።

«ታዲያ ላቤን ቤት ጠብቀኝ ልበለው?» ብዬ መስኮቱን ወለል አደረግኩት። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ እምሩ እንኳ አልዘጋውም!

በማግስቱ ጠረጴዛዬን ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል አወረዱልኝ። ቀዝቃዛ ነው፣ ተመችቶኛል። ስልክ የለ፣ ባለጉዳይ የለ፣ የሚሠራም የለ።

እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፦ በሃምሳ ዓመትሽ ማስተማሩን ስትተዪ፣ የመልቀቂያ ማመልከቻውን የጻፍሽው ራስሽ ነበርሽ?

መድኃኔዓለም ከነቤተሰብሽ በጤና ያቆይልኝ። መልስሽን ግን በመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሣጥን ሳይሆን በልጄ በማክዳ ላኪልኝ።

እህትሽ ሰናይት