የካርዴን ምስጢር ለመላው ሰልፍ ላሰማው ባንክ

ለክቡር ወንድሜ ዳቭሮንቤክ አካ፣
የባንካችን የቆቃንድ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ እርስዎም ቤተሰብዎም በቢሮዎ ደጃፍ ያለው የሮማን ዛፍም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዶምላ የሚለኝ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ።

በየማለዳው በስልኬ ለሚልኩልኝ ምክር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «የካርድዎን ቁጥር ለማንም አይንገሩ» ባሉኝ መሠረት፣ ከውጭ አገር የጆሮ መስሚያ በኢንተርኔት ሳዝ የድረ ገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል አነበብሁ፤ የካርዴ ቁጥር ሻጩ ዘንድ ተመዝግቦ እንዲቆይ አልፈቀድሁም፤ ቁጥሩን ስጽፍ ባለቤቴን እንኳ ከክፍሉ አስወጣሁ። እስካሁን እንዳኮረፈች ናት። መስሚያውን የፈለግሁት በመጪው ወር የልጅ ልጄ ሙሃይዮ ስለምትዳር ነው። ባለፈው ሠርግ ጸሎቱ ያለቀ መስሎኝ ገና ሾርባው ሳይቀርብ «አሜን» ብል፣ የሽማግሌ አሜን የማዕድ መዝጊያ ነውና፣ እንግዳው ሁሉ እጁን ፊቱ ላይ አሳልፎ ከማዕዱ ተነሥቷል።

ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ እናንተ ዘንድ ቁጥር ይወደዳልና።

፩. ባንክዎ ግዢዬን «አጠራጣሪ ነው» ብሎ አገደው። ለጥንቃቄው አመሰግናለሁ።

፪. እገዳውን ላስነሣ ስመጣ፣ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ትጉ ሠራተኛዎ ሙናቫር «ዶምላ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይንገሩኝ፣ አይሰማም!» አለችኝ። ነገርኋት። እሷም በበኩሏ እኔ እንድሰማ ብላ ለአዳራሹ ሁሉ ደገመችው፤ ካርዱ የሚያበቃበትን ወርና ከጀርባው ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ጭምር። አንዷን ብሳሳት ከኋላዬ የተሰለፈው ዳቦ ሻጩ ጎፉር አንገቱን አስግጎ «ኧረ ሰባት ነው ዶምላ! መነጽርዎን ያድርጉ እንጂ!» አለ። ሰልፉም በአንድ ድምፅ «ሰባት! ሰባት!» ብሎ አገዘኝ። ለሽማግሌ እንዲህ የሚጨነቅ ሕዝብ የት ይገኛል?

፫. በሦስተኛው ቀን በካርዴ ላይ በነበረው የመስሚያ ገንዘብ አራት የመኪና ጎማ ተገዛ። ያለኝ ብስክሌት ነው።

፬. ይህን ግን አጠራጣሪ አላላችሁትም።

አቤት ብል የመለሳችሁልኝ ደብዳቤ «ደንበኛው ምስጢሩን ለሦስተኛ ወገን ስለገለጹ ባንኩ አይጠየቅም» ይላል። ሦስተኛ ብቻ? እኔ በዚያ ሰልፍ እስከ ሠላሳኛው ወገን ቆጥሬአለሁ። ክቡርነትዎ፣ ቀልዱን ልተወውና፣ ተናድጃለሁ። ሙሽራ ፈቃዷን ስትጠየቅ ድምጿን ምን ያህል ዝቅ እንደምታደርግ ያውቃሉ፤ ያቺን አንዲት ቃል ከሙሃይዮ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ገንዘቤን ይመልሱልኝ። ሙናቫርንም አይቆጧት፤ በር ያለው ክፍል ይስጧት።

የዕለት ምክርዎን ሳያነብ ቁርስ የማይቀምሰው፣ ለጎማዎቹም መልካም መንገድ የሚመኘው፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣

ኤርካቦይ ኾልሙሮዶቭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጎፉርና ሰልፈኞቹ ለመስሚያዬ ገንዘብ አዋጥተውልኛል። «በካርድዎ እንላክልዎ ዶምላ፣ ቁጥሩን እንደሆነ በቃላችን ይዘነዋል» አሉኝ። ገንዘቡ እስከ ግዢው ቀን ድረስ በጎፉር ሽርጥ ኪስ ውስጥ እንዲቀመጥልኝ ለምኛለሁ፤ በከተማችን ከዚያ የተሻለ ባንክ አላገኘሁም።