የካሰች ሰማያዊ በር

ለተከበሩ አቶ ዳኘው፣ የሾላ ሰፈር አስዋቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

የለም፣ አሮጊቷ መንገድ ስታ አይደለም፤ መንገዱ ነው የሳታት። ጠየቁኝ አላልሁም፤ ማን ይጠይቀኝና! ሳይጠየቅ የሚመልስ አፍ ስላለኝ ነው። ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቀለም ባልዲዎ ደኅና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጉልበቴ ብቻ በእርስዎ ጥበብ ሲዞር ይውላል።

ልጄ ታከለ ከቡሬ ገጠር አምጥቶ ፍኖተ ሰላም ሲያስቀምጠኝ፣ ሰፈሩን እንደ አገሬ ለምጄው ነበር። ሾላው ሥር ጋሪዎች ይቆማሉ፤ ከጋሪዎቹ ቀጥሎ የዘይት ሱቅ፤ ከሱቁ ቁልቁል ሰማያዊ በር። እዚያ ውስጥ ካሰች ነበረች፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ከእኔ ቀድማ ከተሜ የሆነች። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ናት፤ ለደብዳቤ ትበቃለች፤ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ሲከመርባት ግን ታንቀላፋለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ልደርድረው።

አንደኛ፣ ሾላውን ስላስቆረጡልን እግዜር ይስጥልን። ጥላው በጣም ያቀዘቅዘን ነበር። በቦታው የተከሉት የቤት ቁጥር ሰሌዳም ጥላ አያጣም፤ አንዲት ዶሮ በደንብ ያስጠልላል።

ሁለተኛ፣ ሰፈሩ እንዲያምር ብለው በሩን ሁሉ አመድማ ስላስቀቡ ይባረኩ። ሁላችንም የአንድ አባት ልጆች መሰልን። አንዱ ባጃጅ ነጂ የገዛ ቤቱን አልፎ ሄደ አሉ።

ሦስተኛውን ተቀምጠው ይስሙኝ። እኔና ካሰች ኮረዳ ሳለን፣ ቀድማ የሄደችውን የቀረችው በሙሾ እንድትሸኛት ተማምለን ነበር። ባለፈው ወር አረፈች። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥሁ። ሾላ የለ፣ ሰማያዊ የለ፤ ካንዱ አመድማ በር ድንኳን አየሁና ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ፤

ፈትላ ፈታትላ ለሰው ስታለብስ፣
አፈር ለብሳ ቀረች ዳግም ላትመለስ!

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተንሰቀሰቀ። ለካስ የሞቱት ባለ ሪዙ የመቶ አለቃ ገብረሰንበት ኖረዋል! ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዝርት ነክተው አያውቁም። ነገሩ ሲገለጥ ካሰች ከሌላው በር ወጥታ፣ ተቀብራ ነበር። አልሸኘኋትም። ከዚያ ወዲህ ቤቷን ልፈልግ ብወጣ የሰው ውሻ ተቀበለኝ።

የመቶ አለቃው ባለቤት ወይዘሮ ሠርክአዲስ ግን ከነእንባቸው ሳቁና፣ «እርስዎ የእኔን ሰው አልቅሰውልኛል፣ በካሰች አርባ ቀን እኔም የእርስዎን አለቅስልዎታለሁ» አሉኝ። የሐዘንተኛ ቃል ነው፤ ይረሱታል ብዬ አልያዝሁባቸውም።

ዛሬ አርባዋ ነው። ነጠላዬን ለብሼ ተቀምጫለሁ። ብቻዬን ብወጣ ደግሞ የማንን ሠርግ በሙሾ እንደማፈርስ እንጃ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ያችን አንዲት የካሰችን በር ሰማያዊ ያድርጉልኝ። ሰፈሩ ቢቀየምዎ እኔ ይቅርታ እጠይቅልዎታለሁ።

ዕድሜዎን እንደ ሾላው ሳይሆን በደንብ ያርዝመው፤

እጅ ነሺዎ፣ እስካሁን ቀለም ያልተቀባችው ወለተ ሥላሴ፣ የታከለ እናት

ማሳሰቢያ፦ ክፉ አይንካዎ እንጂ ሁላችንም ሟች ነን። የእርስዎ ቀን ሲደርስ ለቀስተኛው በየትኛው አመድማ በር ይግባ? ይህን ኮሚቴው ቢመክርበት... ቆይ፣ በር ይንኳኳል። ወይዘሮ ሠርክአዲስ ናቸው፤ ይነሡ እንጂ፣ ካሰች እየጠበቀች ነው ይላሉ። ያለ ሰሌዳ አገኙኝ። መጣሁ እመቤቴ!