የዳባትን ጥሪ ያገናኘች እጅ

ጎንደር፥ ቁስቋም
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ውድ እኅቴ ወይዘሮ ይመኙሽ፥

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ፤ ሰላምታ ማሳጠርን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ። በሕይወት መኖርዎን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ከትክል ድንጋይ ለቁስቋም በዓል መጥተው እኔ ቤት አርፈው ነበር። ስለ ሀገራቸው ሰው ሲያወጉኝ ስምዎን ጠሩ። የአባትዎን ስም ጠየቅኋቸው፤ እርስዎ ጎንደር ኖረው ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው፤ ሌላ ሰው ሆነው እንዲገኙ የተመኘሁ ይመስል ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። እርስዎው ነዎት። ያን ጊዜ «አንቺ» እልዎት ነበር፤ ዛሬ ብዕሬ እምቢ ስላለኝ «እርስዎ» እያልሁ እጽፋለሁ።

በ፲፱፻፴፰ ዓ.ም. መስከረም ላይ አራዳ ወደ ነበረው መሥሪያ ቤታችን የሄድሁት ጸሐፊ ልሆን ነበር። ዕድሜዬ አርባ ሦስት ደርሷል። ድጓ ሳስተምርበት የኖርሁት የገጠር ደብር በጠላት ዘመን ተቃጥሎ ደቀ መዛሙርቴ ተበትነዋል፤ ቤት ውስጥ ባለቤቴ ጽጌሬዳና አራት ልጆች አሉ። አለቃው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ማመልከቻዬን አንብበው ሲያበቁ ቀና ብለው አዩኝና፥ «መሪጌታ፥ የጸሐፊው ቦታ ተይዟል። ድምፅዎ ግን ሸጋ ነው፤ በቃል መያዝም ልማድዎ ነው። ስልኩ ላይ ቢቀመጡልኝስ?» አሉኝ። ስልክ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። «እቀመጣለሁ» አልሁ። ሦስት ወር ተፈትኜ ብችል ልጸና፥ ባልችል ልሰናበት ተስማማን።

ጣሊያን ትቶት የሄደውን የስልክ ማዞሪያ መቼም አይረሱትም። ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ ጥቁር የእንጨት ሣጥን፥ ፊቱ ላይ ሃያ ቀዳዳዎች፥ በየቀዳዳው ራስ ላይ ጥፍር የምታህል የናስ ክዳን፥ ከሥሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተንጠለጠሉ ገመዶች። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በሩን ከፈቱልኝና፥ «ይኸውልዎ» ብለውኝ ሄዱ። የተሰጠኝ ትምህርት ይኸው ብቻ ነበር። በሣጥኑ ጎን በተለጠፈ ወረቀት ላይ የሃያውን ቀዳዳ ስም አገኘሁ፦ የአለቃው ክፍል፥ መዝገብ ቤት፥ ፍርድ ቤት፥ ሆስፒታል፥ የፊታውራሪ አድማሴ ቤት፥ እያለ ይወርድና በሰሜኑ መስመር ያበቃል፤ ዳባትና ደባርቅ በአንድ ሽቦ የሚመጡበት ማለት ነው። ድጓ ለያዘ ሰው ሃያ ስም ምን አላት፤ በዜማ አድርጌ ከቀትር በፊት በቃሌ ያዝሁት። አወቅሁ ብዬም ተቀመጥሁ።

ከዚያ አንዲቱ ክዳን «ጠቅ» ብላ ወደቀች። ተበላሸች ብዬ በጣቴ ወደ ላይ መለስኋት። ደግማ ወደቀች። ደግሜ መለስኋት። በሦስተኛው ከኋላዬ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። መጥረጊያዎን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ምነው አያ፥ ሰው ደጅ ሲያንኳኳ እንዲያ ነው እንዴ የሚዘጉበት?»

«ማነሽ አንቺ?»

«ጠራጊዋ ነኝ።»

«ይህን ነገር ታውቂዋለሽ?»

«በጣሊያን ጊዜ አራት ዓመት ይህንኑ ወለል ስጠርግ ነበርሁ። እኔን የሚያይ አልነበረም እንጂ እኔስ አይ ነበር።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መጡና አንዱን ገመድ ክዳኗ ከወደቀችበት ቀዳዳ ሰክተው፥ ማዳመጫውን በሻሼ ላይ ጭነው፥ «አሁን ማንን እንደሚሹ ይጠይቋቸው» አሉኝ። ጠየቅሁ። ሰው መለሰልኝ። ከደባርቅ ነበር። አራዳ ላይ ያን ቀን ፀሐዩ ያነድዳል፤ በጆሮዬ ውስጥ ግን ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ፥ ከዝናቡም ወዲያ አንድ ሰው ሲያስል ይሰማኛል። የወገራን ሜዳ፥ የዳባትን ዳገት፥ ያን ሁሉ ብርድ አልፎ የመጣ ሳል። በሊቃውንት መካከል ቆሜ በድንጋጤ ያላማተብሁ ሰው በዚያች ወንበር ላይ አማተብሁ። እርስዎ ግን ቀጥለው፥ «ተደንቀው ሲያበቁ ሁለተኛውን ገመድ ፍርድ ቤቱ ላይ ይሰኩ፤ ሰውየው እየጠበቀ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በሌሉበት ሰዓት ሁሉ አስተማሩኝ። አንድ ፊደል ሳይቆጥሩ ሃያውን ቀዳዳ በቦታው፥ ደዋዩን ሁሉ የስልኩን መዘውር በሚያዞርበት አኳኋን ይለዩ ነበር፤ «ይኼ የተቆጣ ሰው ነው፥ ቶሎ ያንሡ» ይሉኛል፥ ሳነሣም የተቆጣ ሰው ይሆናል። እኔ ደግሞ በቀኝ ያለውን መዘምር በግራ ካለው ጋር እያገናኘሁ ዝማሜ እንደምመራ አድርጌ ሥራውን ለራሴ ተረጎምሁት፤ ያ ረዳኝ። ያም ሆኖ ልማዴ በሥራው ላይ እየገባ ያስቸግረኝ ነበር። የደወለውን ሁሉ የቤተሰቡን፥ የከብቱን፥ የአዝመራውን ደኅንነት ሳልጠይቅ አላልፍም። «አያ፥ እርስዎን ብሎ መሰለዎት የደወለው? በር ነዎት እኮ። በር ያወራል?» ብለውኛል። የፊታውራሪ አድማሴ ድምፅ በመጣ ጊዜ ደግሞ ብድግ ብዬ ጋቢዬን ሳደገድግ ማዳመጫው ከነገመዱ ወለሉ ላይ ወደቀ። እርስዎ ሳቅዎን በነጠላዎ አፍነው፥ «ይቀመጡ፤ በሽቦ አያዩዎትም» አሉኝ።

በስድስተኛው ሳምንት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፥ «ያለ አስተማሪ እንዲህ መልመድዎ ይደንቃል» አሉኝ። ወለሉን እየጠረጉ ነበር፤ ሰምተዋል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ እንጂ ሌላ ስም አልጠራሁም። የመጀመሪያዪቱ ዝምታዬ ያች ናት።

አሁን ወደ ታኅሣሡ ቀን ልምጣ። ለፈተናዬ መጨረሻ ዐሥር ቀን ቀርቶኛል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም የሰሜኑ መስመር ክዳን ወደቀች። የዳባት ጤና ጣቢያ የሕክምና ረዳት፥ ድሬሰር ወልደኢየሱስ ነበር። «መሪጌታ፥ ሆስፒታል ይስጡኝ። አንዲት ሴት ምጥ ላይ ከዋለች ሁለት ቀኗ ነው። ማኪና አግኝቻለሁ፤ ልጫናት ወይስ ላቆያት፥ ሐኪሙ ይንገረኝ» አለኝ። ገመዱን ወደ ሆስፒታሉ ቀዳዳ ሳነሣ የፊታውራሪ አድማሴ ክዳን ወደቀች። ደባርቅን ፈለጉ። ሽቦው አንድ ነው።

ያደረግሁትን ሳላሳምር እጽፈዋለሁ። ለወልደኢየሱስ፥ «ትንሽ ይታገሡ፥ ትልቅ ሰው መጡ» አልሁት። ከዚያ ነቅዬ መስመሩን ለፊታውራሪ ሰጠሁ። ክፋት አልነበረኝም፤ ይህ ግን ከክፋት የባሰ ነው። በማኅበርም፥ በግብርም፥ በቅኔ ማሕሌትም ቢሆን ሰው በማዕርጉ ይቀደማል፤ ፊታውራሪ ከድሬሰር ኋላ ተሰልፈው ሊጠብቁ የሚችሉ መሆናቸው በሐሳቤ እንኳ አልመጣም። ሥርዓት የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ፊታውራሪ ከደባርቅ ሰው ጋር ስለ አንዲት በቅሎ ማውራት ጀመሩ። ስለ ቀለሟ፥ ስለ አረማመዷ፥ ስለ እናቷ ዘር። ጨዋታው ረዘመ። ዳባት በዚያው ሽቦ ላይ ነበረና ወልደኢየሱስ ስልኩን አልዘጋውም፤ በሁለቱ ንግግር መካከል ዝም ሲባል ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። እርሱም የበቅሎዋን ወሬ ይሰማል። ሁለት ወንዶች ፊታውራሪን ለማቋረጥ ሳንደፍር ሰዓቱ ሄደ።

እርስዎ ባልዲዎን ይዘው ገቡ።

«አያ፥ ፊትዎ ምን ሆነ?»

ነገርሁዎት።

«ታዲያ ማን ነው የሚያወራው?»

«ፊታውራሪ ናቸው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ በቅሎ።»

«ምነው አያ፥ ምጥ የያዛት በቅሎዪቱ ናት?»

ባልዲውን አስቀመጡ። እጅዎን በቀሚስዎ አደረቁ። እኔ ክንድዎን ይዤ፥ «ፊታውራሪ እኮ ናቸው!» አልሁ። እርስዎ ቀስ ብለው ክንድዎን አስለቀቁና የፊታውራሪን ገመድ ነቀሉ። ድምፃቸው ከመካከሉ ጠፋ። ዳባትን ከሆስፒታሉ ሰኩ፥ መዘውሩን አዞሩ፥ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አውልቀው በራስዎ ላይ አድርገው፥ «ሐኪሙን፥ ፈጥነው፥ ሰው እየሞተ ነው» አሉ። ሲጨርሱ መልሰው ጫኑልኝ። ሐኪሙ፥ «ጫናት፤ እኔም አሁን ከዚህ እነሣለሁ፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ እንገናኝ» ሲል ሰማሁ። የድምፅ ተራራ መሻገር ያስደነቀኝ ሰው በዚያች ሰዓት ገመዶቹን ትቼ እጅዎን እመለከት ነበር። ውሃ እንዳረጠበው፥ ጥፍሩ እንደ ተሰነጠቀ፥ አንድም ቀዳዳ አልሳተም።

ከቀትር በፊት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሁለታችንን አስጠሩን። የፊታውራሪ አሽከር አጠገባቸው ቆሟል።

«ጌታዬን የቆረጠ ማን ነው?» አለ።

አፌን ከፈትሁ። ጽጌሬዳና ልጆቼ በዓይኔ ላይ መጡ። አፌን ዘጋሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ እርስዎ። «መሪጌታ ውሃ ሊጠጡ ወጥተው ነበር፤ ወንበሩ ላይ አልነበሩም።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልሁ።

«ጠራጊ ማዞሪያ ውስጥ እጇን ምን አገባው? ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ እንዳላይሽ» አሉ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ነጠላዎን ሊወስዱ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ዓይንዎን ማየት አቃተኝ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርስዎ ግን፥ «የሆስፒታሉ ቀዳዳ ውስጡ ላልቷል። ሲሰኩ ወደ ግራ ጫን ያድርጉት፤ አለዚያ ይሰማል ብለው ሳይሰማ ይቀራል» አሉኝ።

«ምነው እንዲያ አልሽ?» አልሁዎት፤ «ምነው ውሃ ሊጠጣ ወጣ አልሽልኝ?»

«ሁለታችንም ከወጣን ማን ያገናኛል?» ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ወልደኢየሱስ ደወለ። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ሐኪሙ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በማኪናው ውስጥ አዋልዷታል፤ ትንሽ ብትዘገዩ ሁለቱም አይገኙም ነበር ብሎታል። «የዚያን ቀን ያገናኘችኝን ሴት እግዚአብሔር ይስጥልኝ በሏት» አለኝ። በቀጣዩ እሑድ መልእክቱን ላደርስ ቁስቋም ከሚኖሩበት ቤት ሄድሁ። ጎረቤትዎ ባንቺአየሁ፥ «ወደ አባቷ ሀገር ገባች» አለችኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ አዝኜ ከመመለስ ይልቅ እፎይ ብዬ ተመለስሁ።

በዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጥሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የደዋዩን ማዕርግ ጠይቄ አላውቅም፤ «ጉዳዩ ምንድን ነው?» እላለሁ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስን ራሳቸውን ሁለት ጊዜ አቁሜአለሁ፤ ምክንያቱን ስነግራቸው ተራቸውን ጠበቁ። ሰው ሁሉ «ሥራውን በራሱ አእምሮ የተማረው መሪጌታ» ይለኝ ነበር። እኔም የሆስፒታሉን ገመድ በሰካሁ ቁጥር ወደ ግራ ጫን አደርጋለሁ፤ እርስዎን ሳላስብ የሰካሁበት ቀን የለም።

ዘንድሮ አሮጌው ማዞሪያ በአዲስ ይተካል። መሥሪያ ቤቱ ታሪኩን ጽፌ በጉባኤ እንዳነብ ጠየቀኝ። ጻፍሁ፤ ይኸው አንዱን ግልባጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር፥ የጎንደርን ማዞሪያ መሪጌታ ሐብተ ማርያምን ያስተማሩት ወይዘሮ ይመኙሽ ናቸው ይላል። የዛሬው ሹም አንብበው፥ «መሪጌታ፥ በዕድሜዎ ይህ ባይነሣ አይሻልም? የታኅሣሡ ነገር ስምዎን ያጎድፋል» አሉኝ። ይህ ከተቆረጠ ሁሉም ይቆረጥ አልኋቸው። ሲነበብ መጥተው ከፊት ቢቀመጡ ደስታዬ ነው፤ ባይመጡም አልፈርድብዎትም። ይቅርታ አልለምንዎትም፤ ያ በእርስዎ ፈቃድ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ያነብልዎታል፤ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ራሳቸው፥ ወይም ከልጆችዎ አንዱ። ለብቻዎ እንዲነበብ ማሳሰብ እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። በሰው ፊት የዋሸሁትን በሰው ፊት ልመልሰው ይገባኛል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ማንም ሁን፥ ጎረቤት ካለ ጎረቤት ጥራ፤ ድምፅህንም ከፍ አድርገህ ይህችን አንብብ፦

ያን ቀን ወንበሬ ላይ ነበርሁ። ውሃ ልጠጣ አልወጣሁም። የዳባቱን ሰው ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ ያገናኙት ወይዘሮ ይመኙሽ ናቸው።

ደቀ መዝሙርዎ፥
ሐብተ ማርያም