ባለቤቴን ከብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝነት እንዲያሰናብቱልኝ ስለመለመን

ለክቡር የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ከሌላው ጤና ነጥዬ መጥቀሴ በእኛ ቤት ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ስለገባን ነው። ቤተሰብዎም፣ በምክትል አሠልጣኝነት የሚያገለግለው የእህትዎ ልጅም፣ ከቢሮዎ ደጃፍ የማይጠፉት የተጫዋች ደላሎችም ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ የብሔራዊ ቡድኑ ዋና አሠልጣኝ ሚስት ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ስለወጣሁ ደብዳቤ መጻፍም ሆነ ማስቀመጥ ብዙ አያስቸግረኝም። ባለፉት ስድስት ወራት ለክቡርነትዎ አራት ደብዳቤዎች ጽፌ፣ አራቱንም በገቢ መዝገብ ላይ ሲመዘገቡ ቆሜ አይቼ፣ ለሦስቱ መልስ ስላላገኘሁ፣ ለአራተኛውም ያገኘሁት መልስ ባላገኘው ይሻለኝ የነበረ ዓይነት ስለሆነ፣ አምስተኛውን ሰው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ተገድጃለሁና ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ባለቤቴን ያሰናብቱልኝ። ባሎቻቸው ከሥራ እንዳይባረሩ ደጅ የሚጠኑ ሚስቶች ብዙ አይተው ይሆናል፤ እንዲባረርልኝ ብላ ደጅ የጠናች ግን እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡድኑ የማጣሪያውን የመጨረሻ ጨዋታ ለማድረግ ባሕር ከመሻገሩ በፊት፣ አንድ መስመር ጽፈው፣ ማኅተም አድርገውበት ቢልኩልኝ ይበቃኛል። ምክንያት መጻፍ ካስቸገረዎ ከዚህ ቀደም የጻፋችሁትን መገልበጥ ትችላላችሁ፤ ዋናዎቹ በሙሉ እኔ ዘንድ በክላሰር ተቀምጠዋል።

የባለቤቴን ታሪክ ያውቁታል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት በቴሌቪዥን ቀርበው "በረኛ በነበሩበት ዘመን" ሲሉ ስለሰማሁዎ በአጭሩ ላስታውስዎ። በረኛ አልነበረም። አጥቂ ነበር፣ ዘጠኝ ቁጥር። ሰዉ መዶሻው ይለው ነበር፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ካስቆጠራቸው ሠላሳ አራት ግቦች ሃያ ስድስቱ የጭንቅላት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ኳሱ እውነተኛ ቆዳ ስለነበር ዝናብ ሲመታው ውሃ እንደጠጣ ፍራሽ ይከብድ ነበር። ልምምድ አብቅቶ ሌላው ሲሄድ እሱ የክንፍ ተጫዋቹን አስቀርቶ "መቶ አሻግርልኝ" ይለዋል፤ መቶውንም በግንባሩ ይመታል። ቤት ሲመጣ "መብራቱን አጥፊልኝ" ይለኝ ነበር፤ እኔም አዲስ ሙሽራ ስለነበርኩ ነገሩን በሌላ ተርጉሜው እደሰት ነበር። ራሱን እያመመው እንደነበር የገባኝ ከስንት ወር በኋላ ነው።

በአንድ ጨዋታ ላይ ደግሞ ከተከላካይ ጋር ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ወደቀ። የዚያን ጊዜው የፌዴሬሽኑ ኃላፊ ከክብር መቀመጫቸው ወርደው "ውሃ አፍስሱበትና ይግባ" አሉ። ገባ፤ አገባም። ያቺን ግብ ያን ዕለት ማታም አያስታውሳትም ነበር፤ ሰው ነው የነገረው። በቢሮዎ ኮሪደር ላይ ትልቅ ተደርጎ የተሰቀለው ፎቶግራፍ የዚያች ግብ ነው፤ ዓይኖቹን ልብ ብለው ቢያዩዋቸው የትም እንደማያዩ ይረዳሉ።

ጫማውን ሲሰቅል ባሕር ማዶ ሄዶ አሠልጣኝነት ተማረ። ሁለት የውጭ አገር ብሔራዊ ቡድኖችን አሠለጠነ፤ ከሁለቱ አንዷ አንድም ጨዋታ አሸንፋ የማታውቅ ትንሽ ደሴት ስትሆን በሦስት ዓመት ውስጥ ለአህጉሩ ዋንጫ አሳለፋት፤ እዚያ እስካሁን በቅጽል ስሙ የሚጠራ መንገድ አለ። አገሩ ገብቶ ግን ሦስት ጊዜ ተቀጥሮ ሦስት ጊዜ ተባረረ። የመጀመሪያው የስንብት ደብዳቤ "ከአመራሩ ጋር ተግባብቶ መሥራት ባለመቻሉ" ይላል፤ ነገሩ፣ ከቢሮ ተተይቦ በመጣለት የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ሲጫወቱ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሁለት ሰዎች በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ መመለሱ ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤ ቃል በቃል ያው ነው፤ የተቀየረው ቀኑ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ታክሲ ውስጥ ሆኖ ከሬዲዮ ሰማው፤ ሾፌሩ አፍሮ ሬዲዮውን ዘጋው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ትቼ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ የዛሬ አራት ዓመት ለአራተኛ ጊዜ ስለቀጠራችሁት አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ልማዱ በቀይ እስክሪብቶው ሲሰርዝ ከረመ፤ አራተኛው የስንብት ደብዳቤም እየተተየበ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ መዝገብ ቤት የኖረ ሰው በየመዝገብ ቤቱ ወዳጅ አያጣም። ከዚያ አንድ ቀን ዝርዝሩ መጣለትና አንድም ስም ሳይሰርዝ ፈርሞ መለሰው። በማግስቱ ዋና ጸሐፊዎ ስልክ ደውለው "እንኳን ደስ አለዎት እትዬ፣ አሠልጣኛችን በሰሉ" አሉኝ። እኔም፣ ልዋሽዎ አልችልም፣ ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት ቁልፉን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት፤ ሁለቱን ነገሮች ግን አላገናኘኋቸውም።

ሁለተኛ፦ ስላሳያችሁት ትዕግሥት። እዚህ ላይ የእኔም እጅ አለበትና ልናዘዝ። የተጫዋቾቹ ስም እየጠፋበት ሲመጣ፣ በየማለዳው በትንንሽ ፊደል ከመለያ ቁጥራቸው ጋር ጽፌ ቆቡ ውስጥ እለጥፍለት ነበር። ልምምድ ላይ ቆቡን እያወለቀ ውስጡን ሲያይ ጋዜጠኞች "የሚያስብ አሠልጣኝ" ብለው ጻፉ። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ሙሉ አለፈ። ሰው እንዳያውቅበት ብዬ ያደረግኩት ነገር ለእናንተ እንዴት እንደተመቸ ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ለዚህ ራሴን ይቅር አልልም።

ሦስተኛ፦ አምበሉ አንድ ቀን እቤቴ መጥቶ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ያቀረብኩለትን ውሃ ሳይነካ፣ እንዲህ አለኝ፦ "እትዬ፣ በእረፍት ሰዓት ጋሼ ያደረጉልን ንግግር እስከዛሬ ሰምተን የማናውቀው ነበር፤ ሁላችንም አለቀስን። ግን የጠሩት ስም የአንዳችንም አይደለም። አንዲት የማናውቃትን የድሮ ቡድን እንዴት እንደምናሸንፋት ነበር የነገሩን።" የጠራቸውን ስሞች ስጠይቀው ሦስቱን አስታወሰ፤ ሦስቱም አብረውት የተጫወቱ፣ ቀብራቸው ላይ የቆምን ሰዎች ናቸው። ክቡርነትዎ በማግስቱ በሰጡት መግለጫ "አሠልጣኙ ከታሪክ ጋር የሚያያዝ ጥልቅ ንግግር አድርጓል" ማለትዎን አንብቤያለሁ። ለአገላለጽዎ አመሰግናለሁ፤ ሐኪሙ እንዲህ አድርጎ አልገለጸውም።

አራተኛ፦ ባለፈው የውጭ ጉዞ ከሆቴል ወጥቶ ስድስት ሰዓት ጠፍቶ ነበር። የተገኘው በተጋጣሚው ቡድን መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ ጫማ እስኪያመጡለት ሲጠብቅ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ሻይ ሰጥተው፣ እጁን ይዘው መለሱት። ፌዴሬሽኑ ግን "አሠልጣኛችን የተጋጣሚውን ምስጢር ለመሰለል ያደረገው ደፋር እንቅስቃሴ" ብሎ አወጀ። እኔ ያን ቀን ስልኩን ይዤ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁና እንደተቀመጥኩ አልነግርዎትም፤ ሆዴ ይወቀው።

ለአራተኛው ደብዳቤዬ የተሰጠኝን መልስ ሰው ሁሉ እንዲያደንቀው እዚህ ላይ ልጥቀሰው። "የአሠልጣኙን ጤና በተመለከተ የሕክምና ማስረጃ የሚጠየቀው በቀጣሪው ነው። ቀጣሪው እስካሁን ችግር ስላልታየው አልጠየቀም። ስላልተጠየቀም ማስረጃ የለም። ማስረጃ ስለሌለም ችግር የለም። አሠልጣኙ ከአመራሩ ጋር ባላቸው መግባባት አርአያ ናቸው።" በመዝገብ ቤት ዘመኔ ብዙ ደብዳቤ አሳልፌአለሁ፤ እንዲህ መግቢያም መውጫም የሌለው ግን አላጋጠመኝም። የነርቭ ሐኪሙ የጭንቅላቱን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ ጥቁር ጥቁሩን በጣቱ እያሳየኝ "ይሄ ኳሱ ነው፤ ይሄም ኳሱ ነው" ብሎኛል። ማስረጃ ከፈለጋችሁ በእጄ አለ፤ ችግሩ፣ አለመፈለጋችሁ ነው።

ታዲያ ራሱ ለምን አይለቅም ትሉኝ ይሆናል። አስለቅቄው ነበር። መልቀቂያውን እኔ ጻፍኩ፣ እሱ ፈረመ። ዋና ጸሐፊዎ ጠርተው "ሊለቁን ነው እንዴ?" ቢሉት "እኔ? የት ልሄድ?" አላቸው፤ መልቀቂያው ተቀደደ። ቤት ለምን አታስቀሪውም ትሉኛላችሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን የፌዴሬሽኑ መኪና በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ስሜን የሚረሳው ሰውዬ ያንን ጥሩንባ አይረሳም። ቱታውን ለብሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በር ላይ ይቆማል። አንድ ቀን በሩን ቆልፌ ቁልፉን ደበቅኩበት። እንደ ሕፃን አለቀሰብኝ፤ "ልጆቹ ይጠብቁኛል" እያለ። ከፈትኩለት። ሣሩን ሲረግጥ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ፤ ያን ደስታ መንጠቅ አልፈልግም። ሰፈራችን ውስጥ ሜዳ አለ፤ እዚያ ይዤው ልሂድ፤ ማንም ሳይሰድበው ይቁም ነው የምለው።

ይሰደባልና። ባለፈው ጨዋታ ስታዲየሙ ሙሉ ተነስቶ ሲያወግዘው፣ የውሃ ጠርሙስ ሲወረወርበት፣ እሱ እጁን ወደ ሕዝቡ አንስቶ ያውለበልብ ነበር። የሚያጨበጭቡለት መስሎት ነው። እኔ ከወንበሬ ሆኜ አየው ነበር፤ አጠገቤ የነበረው ሰው ማን መሆኔን ሳያውቅ "እፍረት የሌለው ሽማግሌ" አለ። ያ ሰው አባቱ በልጅነቱ ትከሻው ላይ አድርጎ የባለቤቴን ግቦች ያሳየው ሊሆን ይችላል። አልፈርድበትም። ሊፈርድበት የሚገባውን ሰው ደብቃችሁ ባለቤቴን ፊት ለፊቱ ያቆማችሁለት እናንተ ናችሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለውን ጨዋታ በአምስት ግብ ልዩነት ማሸነፍ አለብን፤ እንደማናሸንፍ ሁላችንም እናውቃለን። በማግስቱ የሚወጣው የይቅርታ መግለጫ ከወዲሁ ተተይቦ፣ "ለሽንፈቱ ሙሉ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" ከሚለው በታች ባለቤቴ ፈርሞበት ፋይል ውስጥ መቀመጡን በመዝገብ ቤታችሁ ያለች ወዳጄ አረጋግጣልኛለች፤ የግቡ ብዛት ብቻ ክፍት ቦታ ተትቶለታል። ገና ላልተደረገ ጨዋታ ይቅርታ የሚጠይቅ አሠልጣኝ በዓለም ላይ ከዚህ በቀር የለምና፣ እንዲህ ያለውን ሰው ማሰናበት እንደሚከብዳችሁ ይገባኛል። ሁሉን እያወቀ ሳለ ሦስት ጊዜ አባረራችሁት፤ አሁን ምንም የማያውቅ ሲሆን ልትለቁት አልቻላችሁም።

መልስ እጠብቃለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ደብዳቤው ለመዝገብ ያህል ይቀመጥ፤ ሌላው ቢቀር ቀኑ ይታወቃል።

ላደረጋችሁልንና ልታደርጉልን ላሰባችሁት ሁሉ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ቀና ለማለትም አቅሙ የለኝም።

የዋና አሠልጣኙ ሚስት፣
ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለምክትል አሠልጣኙ (ዝርዝሩን ለሚጽፈው)
ለቡድኑ አምበል
ለነርቭ ሐኪሙ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይላክ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱን ለመግዛት ወጣ ባልኩበት ሰዓት ዋና ጸሐፊዎ እቤታችን መጥተው ለተጨማሪ ሁለት ዓመት የውል ማራዘሚያ አስፈርመውት ሄደዋል። ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። "የአሠልጣኙ ፊርማ" በሚለው ቦታ ላይ፣ በወጣትነቱ ስታዲየም በር ላይ ወረቀት ለሚዘረጉለት ይጽፍበት በነበረው በዚያ በትልልቁ የእጅ ጽሑፉ፣ "ለአድናቂዬ፤ ስለመጣህ አመሰግናለሁ፣ እሁድ አንድ አገባልሃለሁ፤ ዘጠኝ ቁጥር" ይላል። ደውዬ ዋና ጸሐፊዎን ጠየቅኳቸው፤ የሕግ ክፍሉ አይቶ በቂ ነው ብሏል አሉኝ።