በመጋዘኑ ግድግዳ ጥግ ስላለቁት ዶሮዎች፣ ለቁልፉ ባለቤት

ለክቡር አቶ አብዱልፈታህ
የአብሮነት መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበርና የመጋዘኑ ብቸኛ ቁልፍ ያዥ
ሪያድ፣ መንፉሐ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በግቢው ውስጥ የተረፍነው ሁሉ ስለ ጤናዎ፣ በተለይም ስለ መተንፈሻዎ፣ ጠዋትና ማታ ዱዓ እያደረግን ነው። ከዓርብ ጀምሮ ሃያ ጊዜ ያህል ብደውልልዎ የሥራዎ ብዛት ስልክዎን ለማንሳት ስላልፈቀደልዎ፣ ይህን ደብዳቤ የማኅበሩ አባላት ሁሉ በሚያነቡት የዋትስአፕ ቡድን ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሃፍሳ እባላለሁ። ማኅበሩ ለመጋዘን በተከራየው አሮጌ ግቢ ውስጥ ከእህቴ ከፈሪዳ ጋር እኖራለሁ። በጓሮው አሥራ አራት ዶሮዎች ነበሩኝ። ያረባኋቸው ለፈሪዳ አራስነት ነው፤ እናት በሌለችበት አገር ስትወልድ ቢያንስ የዶሮ መረቅ እንዳይጎድልባት ብዬ። ልጇ ሙኒር ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ከዶሮዎቼ ዘጠኙ በአራት ቀን ውስጥ አለቁ። በዚህ አጋጣሚ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. በመጀመሪያ ስለ ማጽናናትዎ አመሰግናለሁ። አውራ ዶሮው በመጋዘኑ ግድግዳ ሥር አንገቱን ደፍቶ ሲያጣጥር ሮጬ ብነግርዎ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ዶሮ አይደል እንዴ? ይሞታል» ብለው ልቤን አሳረፉልኝ። ጓሮውን የሞላው መጥፎ ሽታ ምን እንደሆነ ስጠይቅዎም የፈሪዳ ነጭ ሽንኩርት መሆኑን በእርግጠኝነት አስረድተውኛል። ፈሪዳ በዚያ ሳምንት ራሷን እያመማትና እያስመለሳት ከአልጋ ስላልወረደች፣ እንኳን ነጭ ሽንኩርት ልትከትፍ ወጥ ቤቱንም አላየችውም። ተኝታ የምታበስል እህት እንዳለችኝ ያወቅሁት ከእርስዎ ነው።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሃይማኖታዊ ጥንቃቄዎ ነው። በማግስቱ ሌሎቹ ሲንገዳገዱ አይተው «ሳይበክቱ ድረሺባቸው!» አሉኝ። እኔም ቢላ ይዤ ሮጥኩ፤ ቢስሚላህ እያልኩ አምስቱን አረድኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው፣ አልክድም። እኛ ዶሮ አንገቷን ስትደፋ የምንፈልገው ቢላ እንጂ ምክንያት አይደለም፤ ካረድናት ሐላል ሆነች፣ ሐላል ከሆነች ደግሞ ምን አግኝቷት እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ሁለቱን እርስዎ በፌስታል ወደ ቤትዎ ወሰዱ። ሦስቱን እኔ በገዛ እጄ ሠርቼ እያስመለሳት ያለችውን አራስ አበላሁ። ሳይታረዱ የሞቱትንም ሰው ሳያያቸው ቶሎ እንድጥላቸው ባዘዙኝ መሠረት ጣልኳቸው። አንዷን ግን አላገኘኋትም ነበር፤ እንቁላል መጣያዋ ሣጥን ውስጥ ገብታ ሞታ ኖሯል። ቢላም ትእዛዝዎም ያልደረሰባት እሷ ብቻ ናት።

፫. ሦስተኛው፣ ስለ መጋዘኑ ነው። ከከተማ ወጣ ባለ የዶሮ እርባታ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ወንድማችን ሳዲቅ በዕረፍቱ ቀን ዓርብ መጥቶ ያቺን ዶሮ ከፍቶ አየልኝ። የሚያውቀው የበሽታ ምልክት አላገኘባትም። ከዚያ የት የት ያድሩ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ያለቁት ዘጠኙም በመጋዘኑ ግድግዳ ጥግ፣ በሕይወት ያሉት አምስቱ በግቢው በር በኩል የሚያድሩት ነበሩ። በሽታ ግድግዳ አይመርጥም አለኝ። የመጋዘኑን ግድግዳ ስንጥቅ አሸተተና ከጀርባው ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ለችግረኞች የተሰበሰበ ፍራሽ ነው አልኩት። ከመጋዘኑ በወዲያኛው በኩልስ ሲለኝ፣ የፈሪዳና የሕፃኑ ክፍል ነው አልኩት። ጫማውን እንኳን ሳያደርግ «ያላ፣ ልጁን አውጡት!» እያለ ሮጠ።

ቁልፉ በእርስዎ ኪስ ስለነበር የመጋዘኑን በር ሰብረናል፤ ስለ በሩ አዝናለሁ። በየፍራሹ መሐል በወረቀት ቁራጭ ላይ የተቀመጠ ግራጫ ዱቄትና አንድ ቆርቆሮ አገኘን። ባጥሐ ገበያ ውስጥ ከጓዳ አውጥተው በድብቅ የሚሸጡት የትኋን መግደያ እንክብል ነው፤ ጋዙን ሲለቅ ወደ ዱቄት ይለወጣል። ሳዲቅ እንደነገረኝ የሚያወጣው ጋዝ በተዘጋ ቤት ተኝቶ ያደረን ቤተሰብ ሳይቀሰቅስ ይጨርሳል። እርስዎ የማኅበሩ ፍራሽ ትኋን አለው ተብሎ ስማችን እንዳይጠፋ አስበው፣ ለማንም ሳይናገሩ እንክብሉን ጨምረው፣ በሩን ቆልፈው ሄዱ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ትኋኑ አልቋል።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ አሁን ግን አልቻልኩም። ሙኒር ሆስፒታል ገብቶ ኦክስጅን ከተደረገለት ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጡት መሳብ ያቃተው ዶሮዎቹ መሞት በጀመሩበት ቀን ነበር፤ እኛ ብርድ ነው ብለን ግድግዳው ጥግ አስጠግተን ደራርበን አለበስነው። እርስዎ በሰባተኛው ቀን ስሙ ሲወጣ እዚያው ክፍል ተቀምጠው መርቀውታል። የት እንደሚተኛ ያውቁ ነበር። እያወቁ ነው ያደረጉት፣ ይህን ይቅር የምልበት ልብ የለኝም።

፬. አራተኛው ምስጋና አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሠላሳ ፍሬ ይላል። ውስጡ ስምንት ቀርቷል። ዱቄት ያለባቸውን የወረቀት ቁራጮች ከሳዲቅ ጋር ሁለት ጊዜ ቆጠርናቸው፤ በእያንዳንዱ አንድ ፍሬ፣ አሥራ ሁለት ናቸው። አሥሩ የት ናቸው?

ከዚያው መጋዘን ፍራሽ እያወጡ በየቤቱ ሲያድሉ ከርመዋል። ሱወይዲ ሰፈር፣ ከአሠሪ ቤት ወጥተው በአንድ ክፍል ስምንትና ዘጠኝ ሆነው ለሚያድሩ እህቶች መስጠትዎን ሰምቻለሁ። የማውቃቸውን ደውዬ አስወጥቻለሁ። የማላውቃቸውን የሚያውቀው ዝርዝሩን የያዘው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ስልክ አያነሳም። ስለ ክስ አላወራሁም፤ የኢቃማዎንም፣ የመኖሪያ ፈቃድዎን፣ ነገር አላነሳሁም። የጠየቅሁት አሥሩን ያስቀመጡበትን ቦታ ነው።

ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ እሳቸውን አትጠብቁ። ከዚህ ማኅበር ፍራሽ ከተቀበላችሁ መስኮትና በሩን ክፈቱና አሁኑኑ ውጡ። ፍራሹን አታገላብጡ፣ ውኃም አታድርጉበት፣ ጋዙ ይብሳል፤ ለአደጋ መከላከያው፣ ለሲቪል ዲፌንስ ደውሉ። ራስ ምታቱን የድካም ነው አትበሉ።

ለክቡርነትዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት፣ ከዘጠኝ ዶሮዎችና ከአንድ የተሰበረ በር ጋር እያቀረብኩ፣ የስልክዎን ድምፅ በትዕግሥት የምጠባበቅ፣

የሙኒር አክስት
ሃፍሳ
ከሆስፒታሉ መተላለፊያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በበሩ በኩል ያድሩ ከነበሩት ከአምስቱ ዶሮዎቼ አንዷን ለመኝታ ቤትዎ ላበድርዎ ዝግጁ ነኝ፤ እኛ ያልደረሰን ማስጠንቀቂያ ለእርስዎ ይድረስዎ። አንገቷን ከደፋች ግን ቢላ ፍለጋ አይሩጡ፤ ልጆችዎን ይዘው ይውጡ።